መካከለኛው ፎቅ

ኤርዙሩም ስገባ ጥቅምት ተጋምሶ፣
መናኸሪያው ጠበቀኝ፣ ሰው ሁሉ ካፖርት ለብሶ፤
እኔ ግን ከመርሲን፣ ከሞቀው ባሕር ዳር፣
ክንዴን ገልጬ መጣሁ፣ በስስ ሸሚዝ ነገር።

ቦርሳዬ ውስጥ አለ የዝውውሩ ደብዳቤ፣
«በአሥር ቀን ሥራ ጀምሪ» የሚል፣ እየዞረ በሐሳቤ።
ባሌ ኔጃቲ በስልክ ዝርዝር አስጽፎኛል፦
«ትምህርት ቤት ቅርብ ይሁን፣ ሱቅ አይራቅ» ብሎኛል፣
«ተራራ የሚታይበት መስኮት ቢኖር ደስ ይለኛል፤
ኪራዩ ግን እንዳያልፍ ከደሞዝሽ ሲሶውን።»
ጻፍኩ። ብዕሩም ደረቀ፣ ብርዱ አድርቆት ቀለሙን።

ደላላው ዚህኒ መጣ፣ በገመድ ቁልፍ አንጠልጥሎ፣
የከተማውን ደጅ ሁሉ ወገቡ ላይ ጠቅልሎ።
«የቱን ሰፈር ልውሰድሽ?» አለኝ፤ እኔስ ምን አውቄ፣
ሰፈር በካርታ አይታወቅ፤ ተከተልኩት ዝም ብዬ ሥቄ።

መጀመሪያ ዳዳሽኬንት። አዲስ ነው፣ ቀለሙ ይሸታል፤
ሊፍቱ መስታወት አለው፣ መብራቱ ሲገቡ ይበራል።
ኪራዩም ርካሽ፣ ከጠበቅኩት በታች።
«ሆስፒታል በምን ልሂድ?»
«ሚኒባስ አለ» አለኝ፣ ዓይኑ ከዓይኔ እየሸሸ፤
«በጥር ስንት ያስጠብቃል?» መልስ የለም፤ ቁልፉን አሻሸ።
ማቆሚያው ሄጄ ቆምኩ፣ ሰዓት ይዤ፣ ብቻዬን፣
ሃያ ሁለት ደቂቃ። ነፋሱ ገፈፈው ጆሮዬን።
ያኔ ሰረዝኩ ከወረቀቱ የሲሶውን መስመር፣ የባሌን።

ሁለተኛው ከፍ ይላል፣ ፓላንዶከን ሥር ተጠግቶ፤
ሰባተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው፤ ተራራው በመስኮት ገብቶ
ሶፋ ላይ የተቀመጠ ይመስላል፣ እግሩን ዘርግቶ።
ኔጃቲ ቢያይ ይሄን! ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፤
ሦስት ቀይ ልብ ላከልኝ፣ ገና ዓይኑ ሳያርፍበት።

እኔ ግን እንደ ልማዴ፣ የበሽተኛ ግንባር እንደምዳስስ፣
መዳፌን የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጣልኩ፣ ብርዱ ክርኔ እስኪደርስ።
ጥግ ነው። በሁለት ጎን ነፋስ፤ ከላይ የሚኖር የለም፤
ተራራ ያዩታል እንጂ አይሞቁትም።

ሦስተኛውን ዚህኒ ራሱ ሊያሳየኝ አልፈለገም፣
«አሮጌ ነው፣ ሊፍት የለው፣ ሆስፒታል አጠገብ ነውና ዋጋው አይቀንስም።»
ሁለተኛ ፎቅ፤ ከአራቱ። ጃኬቴን አላወለቅሁም፣
ማሞቂያው ወር ሙሉ ጠፍቷል።
ቤቱ ግን አልበረደም።

ከታች ሜቭሉዴ የሚሏት ሴትዮ ወጣች፣ ጉልበቷን ይዛ፣
ሻይ በትሪ፣ በጥርስ የሚነክሱትን ስኳር ከኪሷ መዝዛ፦
«ከሥርሽ እኔ አነዳለሁ፤ ከላይሽ የሪዝቫን ልጆች ሞልተዋል፣
በሌሊት ኳስ ይመታሉ እንጂ፣ ጣሪያሽን ያሞቁልሻል።
ከግድግዳው ማዶ አራስ አለች፤ ማሞቂያ አታጠፋም እሷ፤
የአንቺ ቤት የሁላችን ትራፊ ነው።» ስኳር ነከሰች በጥርሷ።

«ግን» አለች ጣቷን ቀስራ፣ «ከጣሪያ ጠርዝ ሥር አትሂጂ፣
የበረዶ ጦር ይወርዳል፤ ልጅሽን መሐል መንገድ አስለምጂ።
ለበዓል መርሲን ስትወርጂም፣ ማሞቂያሽን አታጥፊው፤
ያለፈው ተከራይ አጥፍቶ፣ ክረምቱን በእኛ ላይ ጣለው።»

ለኔጃቲ ደወልኩ። «ምን ይታያል?» አለኝ፣ «በመስኮቱ?»
«ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ አንድ ድመት፣ የሰዎች ማጀቱ።»
ዝም አለ። ከጀርባው ባሕሩ ይሰማኛል፣ ሞቅ ያለ፣ ሰነፍ፤
እንዴት አድርጌ ልንገረው፣ ሙቀት በግድግዳ እንደሚያልፍ?
«እስቲ ፎቶ ላኪ» አለኝ።
መዳፌን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣ አንስቼ ላክሁለት።
ልብ አልመጣም።
«እጅሽ ነው እንዴ ይሄ?» አለ። «እጄ ነው» አልኩት።
ዚህኒ ቁልፉን ከገመዱ ሲፈታ፣ ዞሬም አላየሁት፤
ከማዶ ሕፃን አለቀሰ፣
ስሙን ገና አላወቅሁት።